ቀጭን ቀለም፣ ወፍራም ኪሳራ

ከአዲስ ቅዳም ሱቅ እስከ ሞዴል ሠሪው ጠረጴዛ፦ ቀለም የማቅጠን ሒሳብ

በአዲስ አበባ - ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ላይ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ነጋዴው ከተማዪቱን በይበልጥ የሚያውቃት በከሰሏ ነው። የወረዳው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ በእርሻ ማሳው ላይ ተክሎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦና አክስሎ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ቆይቷል። ከዚህ ንግድ የተገኘው ብር ከሄደባቸው መንገዶች አንዱ ቤት ሥራ ነው። ቤት በተሠራበት ሁሉ ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል።

ይሁን እንጂ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህን ገቢ ሦስት ነገሮች ተጭነውታል። አንደኛ፣ በዲከረንስ ዛፍ ላይ የዝገት በሽታ የሚባለው ፈንገስ ገብቶ በአዊ ዞን ብዙ ተክል አድርቋል። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት የጭነት ጉዞን አስተጓጉሏል። ሦስተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የአገር ውስጥ የቀለም ፋብሪካዎች ማጣበቂያውን ሙጫ፣ ነጩን ዱቄትና ማቅጠኛውን በአብዛኛው ከውጭ ስለሚያስገቡ፣ የምንዛሪው ለውጥ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ አልፎ እስከ ገጠር ከተማ ሱቅ ድረስ መሰማቱ አይቀርም።

ቀለም ገዢው እንግዲህ ገንዘቡ ቀጥኖበት ባለበት በዚህ ወቅት፣ የገዛው ቀለም ደግሞ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። ጥያቄው የቀለም ቀቢው ብቻ ይመስላል። ውሎ አድሮ ግን የባለ ሱቁ፣ የደላላውና ቤት ሠርቶ የሚያከራየው ባለ ሀብት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ውሃው ለምን ይገባል?

በገበያው “የውሃ ቀለም” ከሚባሉት መካከል ደኅና የሚባሉት ማጣበቂያቸው አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ተከፋፍሎ በውሃ ውስጥ ተበትኗል። ሮም ኤንድ ሃስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለቤት ቀለም የሚሆን በውሃ የተበተነ አክሪሊክ ለገበያ ያቀረበው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዘይት ነክ ቀለም የያዘውን ቦታ ቀስ በቀስ የወሰደው ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለሙ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ውሃው ይተንናል፤ እንክብሎቹ ይጠጋጉና እርስ በርሳቸው ተዋሕደው እንደ ስስ ቆዳ ይሆናሉ። ቀለም ሰጪው ዱቄት በዚህ ቆዳ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አንዴ ከደረቀ በኋላ ውሃ መልሶ አያሟሟውም። በውሃ የሚቀጥነው ቀለም ዝናብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ውሃው ተሸካሚ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀለሙን ከባልዲው ወደ ግድግዳው ካደረሰ በኋላ ይሄዳል። ከበዛ ግን ጉዳት ያደርሳል፤ እንክብሎቹ ስለሚራራቁ ቆዳው ሳስቶና ተቦዳድሶ ይደርቃል። በእጅ ሲነካ እንደ ኖራ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለውንም አይሸፍንም። ከነሰ ደግሞ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ይጎተታል፣ ሩለሩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ሸካራ መልክ ይተዋል፣ መርጫውም ይደፈናል። ፋብሪካዎች ለግድግዳ ቀለም በብዛት የሚጽፉት መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። ለመጀመሪያው እጅ ከፍ፣ ለመጨረሻው እጅ ዝቅ ይላል።

ከትንንሾቹ ሞዴሎች የሚገኝ ትምህርት

ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ አጥብቀው የያዙት በሌላው ዓለም የአውሮፕላን፣ የመኪናና የመርከብ ሞዴል ሠርተው ቀለም የሚረጩ ሰዎች ናቸው። እኛም ዘንድ የሙያው ዘመድ አለ። በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች የሕንፃ ሞዴል እየሠሩ ይመረቃሉ። አፓርታማ የሚሸጡ ሪል እስቴቶችም ገና ያልተቆፈረውን ሕንፃ በሽያጭ ቢሮአቸው ጠረጴዛ ላይ በሞዴል ያሳያሉ። ገዢው በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ሲፈርም የሚያየው ያንን ሞዴል ነውና ቀለሙ ቢዝረከረክ ሽያጩን ይጎዳል።

ሞዴል ሠሪ ቀለም የሚያቀጥንበት ምክንያት በቁጥር ይታያል። 72 ጊዜ ባነሰ አውሮፕላን ላይ 50 ማይክሮን ውፍረት ያለው ቀለም ቢቀባ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ልክ ሲታሰብ 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ቀለም ሳይሆን ስቱኮ ነው። ስለዚህ ሠሪው እንደ እስክርቢቶ በሚያዝ፣ ኤር ብራሽ በሚባል ትንሽ መርጫ ይሠራል። የመርጫው ቀዳዳ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጋራዥ ውስጥ ለመኪና የመጨረሻ ቀለም የሚያገለግለው መርጫ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ከመሆኑ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው።

በዚህ ቀዳዳ የሚያልፍ ቀለም እንደ ወተት መፍሰስ አለበት። እንደ ቀለሙ ዓይነት ሁለት እጅ ቀለም በአንድ እጅ ማቅጠኛ፣ ወይም እኩል በእኩል ይደረጋል። የአየሩ ግፊት ከ15 እስከ 20 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.4 ባር ገደማ ነው። ቀለሙ ከቀጠነ ግፊቱ ይቀነሳል፤ አለበለዚያ ጠብታው በሞዴሉ ገጽ ላይ እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል። ቀለሙ በሌላ ዕቃ ተቀይጦ፣ ተጣርቶና በካርቶን ላይ ተሞክሮ ብቻ ነው ሞዴሉ ላይ የሚረጨው። አንድ ወፍራም እጅ በመጣል ፈንታ ሦስት አራት ስስ እጅ ይደረባል፤ በየመካከሉም እንዲደርቅ ይጠበቃል።

ለነጋዴው ትልቁ ትምህርት ግን በጠርሙሱ ስም ላይ ያለው ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያና ቫሌሆ የተባለው የስፔን ኩባንያ ሁለቱም ለሞዴል የሚሆን አክሪሊክ ቀለም ይሸጣሉ። የታሚያው አልኮል ነክ በሆነ ማቅጠኛ ደኅና ይቀጥናል። የቫሌሆው በውሃ የተበተነ ስለሆነ አልኮል ቢገባበት እንደ ጎማ ረግቶ መርጫውን ይዘጋል። በሁለቱም ላይ የተጻፈው “አክሪሊክ” የሚል አንድ ቃል ነው። ማቅጠኛቸው ግን አይወራረስም።

ይኸው በእኛም ሱቅ ይሠራል። የግድግዳው አክሪሊክ በንጹሕ ውሃ ይቀጥናል። የመኪና ቀለም “አክሪሊክ” ቢባልም ማቅጠኛው ትነር ነው፤ ውሃ ቢነካው ይበላሻል። የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም በአኳራጅ ወይም ፋብሪካው ባዘዘው ማቅጠኛ ይቀጥናል፤ ለዕቃ ቤት የሚረጨው ናይትሮ ደግሞ የራሱ ትነር አለው። ጠንካራው የናይትሮ ትነር በዘይት ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ቢረጭ የታችኛውን ቀለም አሳብጦ ያስነሣዋል። “ትነር ስጠኝ” ለሚል ገዢ “ለየትኛው ቀለም?” ብሎ ያልጠየቀ ባለ ሱቅ ሸጠ እንጂ ደንበኛ አላፈራም።

የባልዲው ሒሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቀለም የሚለካው በሊትር ነው። ግድግዳው ላይ የሚቀረው ግን ደረቁ ይዘት ብቻ ነው። ለምሳሌ 20 ሊትር ባልዲ ደረቅ ይዘቱ 40 በመቶ ነው እንበል። ውሃው ሲተንን 8 ሊትር ይቀራል። ባልዲው 6,000 ብር ቢሸጥ፣ ገዢው ለአንድ ሊትር ደረቅ ቀለም 750 ብር ከፈለ ማለት ነው።

በመንገድ ላይ አንድ ሰው በእያንዳንዱ 20 ሊትር ላይ 4 ሊትር ውሃ ጨምሮ እንደገና በ20 ሊትር ባልዲ ቢያሽገው፣ ደረቅ ይዘቱ ከ40 ወደ 33.3 በመቶ ይወርዳል። ገዢው በዚያው 6,000 ብር የሚያገኘው 6.67 ሊትር ደረቅ ቀለም ነው። የአንዱ ሊትር ዋጋ 900 ብር ገባ። ባልዲው ላይ ያለው ዋጋ ሳይነካ 20 በመቶ ጨመረ ማለት ነው።

ኪሳራው በዚህ አያበቃም። በሁለት እጅ ሊሸፍን የሚገባው ቀለም ሦስተኛ እጅ ይጠይቃል፤ የቀቢው ቀን ይጨምራል፤ መወጣጫውም ተጨማሪ ቀን ይከራያል። ግድግዳው አራትና አምስት ዓመት ሳይቆይ በሁለት ክረምት ከለቀቀ፣ ሙሉ ወጪው ተመልሶ ይመጣል። በሊትር ርካሽ የሆነው ቀለም በካሬ ሜትርና በዓመት ሲሰላ ውድ ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው።

የሥነ ምጣኔ ትምህርት ይህን ዓይነት ገበያ ያውቀዋል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢው በማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚሆን በአሮጌ መኪና ምሳሌ አሳይተዋል። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩውን ዕቃ የያዘ ሰው ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩባቸው ሥራዎች ዋናው ይኸው ነው። ለቀለም ገበያ ሲመነዘር፣ ሐቀኛው ባለ ሱቅ በውሃው ምክንያት ከሸማቹ እኩል ይጎዳል።

የሚዛን ፈተና

መለያው ከነጋዴው እጅ የራቀ አይደለም። ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ይመዝናል። የግድግዳ ቀለም ዱቄት ስላለበት ይከብዳል። አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ የሆነ ቀለም ቢወሰድ፣ 4 ሊትሩ 5.6 ኪሎ ይመዝናል። በአራት እጅ ቀለም ላይ አንድ እጅ ውሃ ከገባበት 4 ሊትሩ ወደ 5.28 ኪሎ ይወርዳል። የ320 ግራም ልዩነት በማንኛውም የሱቅ ሚዛን ይታያል። ስለዚህ ከፋብሪካ የታሸገውን አንዱን መዝኖ መጻፍ፣ ሌላውን ከዚያ ጋር ማነጻጸር ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ሚዛኑ ብቻውን አይበቃም። ውሃውን በጀሶ ወይም በኖራ ዱቄት ያወፈረ ሰው ክብደቱን ይመልሰዋል። ለዚህኛው ማታለያ ሁለተኛ ፈተና አለ። ቀለሙን በቁራጭ እንጨት ላይ ቀብቶ አንድ ሳምንት ካስደረቁ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ነው። በቂ ማጣበቂያ ያለው ይጸናል፤ በዱቄት የተሞላው ጨርቁን ያነጣዋል።

ለሚረጭ ቀለም ደግሞ ባለሙያዎች ከታቹ ቀዳዳ ያለው ኩባያ አላቸው። ቀለሙ ተሞልቶ እስኪፈስ ያለው ሰከንድ ይቆጠራል። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሆነው የጀርመን ኩባያ የመኪና የመጨረሻ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሰከንድ ላይ ይረጫል። ኩባያው ከሌለ፣ ጣሳ በሚስማር በስቶ በስልክ ሰዓት መቁጠር ይቻላል። ቁጥሩ ከሌላ ሰው ጣሳ ጋር ባይመሳሰልም፣ የትናንቱን ቅይጥ ዛሬ ለመድገም ይበቃል።

ከፍታውና ክረምቱ

አዲስ ቅዳም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በ2,400 ሜትር ገደማ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ይሆናል። ይህ ኮምፕሬሰር የሚገዛን ሰው በቀጥታ ይመለከታል። ሻንጋይ ወይም ዱባይ ላይ ተለክቶ “በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር” ተብሎ የተጻፈበት መሣሪያ፣ እዚህ ያንኑ ሊትር አየር ቢስብም አየሩ ስስ ነው፤ የሚጨምቀው መጠን በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተሩም በስስ አየር ሲቀዘቅዝ ይቸገራል። ስለዚህ ጋራዥ ወይም የዕቃ ቤት የሚከፍት ባለ ሀብት ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ቢገዛ ይሻላል።

በበጋ የደጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃም ትነርም ቶሎ ይተናል። ቀለሙ ገና መርጫው ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ ወይም በአየር ላይ እያለ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ውሃ እየጨመሩ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ አየተናነኑን የሚያዘገየውን ፋብሪካው የሚሸጠውን ቅመም መጨመር እንጂ።

ክረምቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አዊ ዝናቡ ብርቱ ነው። በእርጥብ አየር ናይትሮ ሲረጭ፣ ትነሩ ቶሎ ስለሚተንን የዕቃውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ ከአየሩ እርጥበት ይጠልዝበትና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል። ቀስ ብሎ የሚተንን ትነር መጠቀም፣ እስከ እኩለ ቀን መጠበቅና የኮምፕሬሰሩን ውሃ በየጠዋቱ ማፍሰስ ይረዳል። አክሪሊክም ቅዝቃዜ አይወድም። ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ማለዳ ከተቀባ እንክብሎቹ በደንብ ሳይዋሐዱ ይደርቃሉ። ብዙ ጊዜ በቀለሙ የሚሳበበው ልጣጭ ከዚህ የመጣ ነው።

ከአዲስ አበባ ውሃ መጫን

ለጅምላ ነጋዴውና ለደላላው አንድ ሌላ ስሌት አለ። ደረቅ ይዘቱ 40 በመቶ በሆነ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ የቀረው 12 ሊትር በአብዛኛው ውሃ ነው። 300 ባልዲ የጫነ መኪና 3,600 ሊትር ያህል ውሃ ተሸክሞ የአባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚራገፈው ምንጭ በሞላበት አዊ ነው። ያለ ውሃ ቀለሙ ባልዲው ውስጥ አይጸናምና ሁሉንም ማስቀረት አይቻልም። ነገር ግን ወፈር ያለውን፣ ደረቅ ይዘቱ ከፍ ያለውን ደረጃ ገዝቶ ውሃውን በቦታው መጨመር የማጓጓዣውን ወጪ ይቀንሳል። ዋጋ ሲደራደሩ “ሊትሩ ስንት ነው?” ከማለት በፊት “ደረቅ ይዘቱ ስንት ነው?” ማለት ይበጃል። ፋብሪካዎች ይህን ቁጥር በዕቃው መግለጫ ወረቀት ላይ ይሰጣሉ።

ጠያቂ ገዢ ሲበዛ ፋብሪካውም ይሰማል። ውድድሩ አለ፤ አንጋፋው ንፋስ ስልክ አለ፣ ካዲስኮ አለ፣ ሌሎችም አሉ። የሕንዱ ኤሺያን ፔይንትስ በ2015 እ.ኤ.አ. የካዲስኮን 51 በመቶ ድርሻ መግዛቱ የኢትዮጵያ የቀለም ገበያ ከውጭ ሲታይ እንደሚያጓጓ ያሳያል።

የትነሩ ሌላ ዋጋ

ትነር ቶሉይን፣ ዛይሊንና አሴቶን የመሳሰሉ ቅመሞች ያሉበት ነው። በዝግ ክፍል የሚረጭ ወጣት ራሱን ሲያዞረው “ለመድኩት” ይላል እንጂ አልለመደውም። ፊት ላይ የሚታሰር ጨርቅ አቧራ ቢከለክልም ትነኑን አይከለክልም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። በመኪና ቀለም ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ደግሞ አስም የሚያስከትል ቅመም አለበት። ትነርን በውሃ ፕላስቲክ እያደረጉ መሸጥ የልጅ ሕይወት ያጠፋል፤ በሻማና በከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ሱቁን ያነዳል።

የቆየ ዘይት ቀለም ፍቆ የሚቀባ ሰው እርሳስ ያለበት አቧራ ሊያነሣ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀቡ በሮችና መስኮቶች ግን ዛሬም በየቤቱ አሉ። እነርሱን በደረቁ ከመፋቅ በውሃ እያራሱ መፋቅ ይሻላል።

ገበያው ምን ያድርግ?

ለባለ ሱቁ የሚያስፈልገው አንድ ሚዛንና አንድ ማርከር ነው። በየባልዲው ክዳን ላይ የማቅጠኛውን ዓይነትና መጠን በአማርኛ ቢጽፍ፣ ከደንበኛ ጋር የሚደረገው ክርክር ግማሹ ይቀራል። ተከፍቶ በጋሎን የሚሸጠውን ደንበኛው ፊት ቢመዝነው ደግሞ ሐቀኝነቱ የሚታይ ንብረት ይሆንለታል፤ በዋጋም ጥቂት ከፍ ብሎ መሸጥ ይችላል።

ቤት አሠሪው በበኩሉ ከቀቢ ጋር ሲዋዋል በቀን ወይም በባልዲ ሳይሆን በካሬ ሜትርና በእጅ ብዛት ቢዋዋል ይመረጣል። ውሃው ምን ያህል እንደሚገባ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሚለካበትም ዕቃ አንድ ይሁን። ከመጀመሪያው ባልዲ አንድ ጣሳ ለማነጻጸሪያ ታሽጎ ይቀመጥ።

በቀለም ንግድ ውስጥ ውሃ የሁሉም ርካሽ ዕቃ ነው። ማን ጨመረው፣ ስንት ጨመረ፣ ገዢውስ ያውቃል ወይ የሚለው ሳይመለስ ሲቀር ግን የቀለም ዋጋ ይከፈልበታል። ዶላሩ በወጣበትና ከሰሉ በቀነሰበት ዘመን ያንን ዋጋ ሁለት ጊዜ መክፈል የሚችል ኪስ በአዲስ ቅዳምም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ አይደለም።